ፈቃዱ ጂ+2፣ ሕንፃው ጂ+4፦ ይሄን ማን ፈረመ?

ግድግዳ_ተጋሪ (ክሩን የጀመረ)

ሰላም ለሁላችሁ። ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ከቤቴ ጎን አጥር ብቻ የሚለየን ሕንፃ አለ። በ2014 ሲጀመር የተተከለው ሰሌዳ «ጂ+2 መኖሪያ» ይል ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰፈሩ ይነቃል፣ ምናልባት መንገዱም ይሠራል ብዬ። ሦስተኛው ሶሌታ (የፎቁ ኮንክሪት ወለል) ሲሞላ ጣሪያው ነው አልኩ። አራተኛው የተሞላው ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ ነው። ሚክሰሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ አደረ፣ ልጆቹ አልተኙም፣ ባለቤቴ «ወጥተህ አንድ ነገር በላቸው እንጂ» ስትለኝ ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ፤ ፎርማኑ ጨዋ ልጅ ነው፣ «ጋሼ ይቅርታ፣ እኛ ታዘን ነው» አለኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። ሰሌዳው ከዚያች ሌሊት በኋላ አልታየም። አሁን ሕንፃው ጂ+4 ነው። ምድሩ ሱቅ፣ ላዩ ኪራይ።

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ሌሊት የአዋሽ ፈንታሌው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። እኛ ልጆቹን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ግቢ ወጣን። ጠዋት ስገባ በሕንፃው በኩል ያለው የመኝታ ቤቴ ግድግዳ ላይ ስንጥቅ አየሁ። ያኔ ክር ታህል ነበር። አሁን የሃምሳ ሳንቲም ጠርዝ ያስገባል።

ወረዳ ሄድኩ፣ «የክፍለ ከተማ ነው» አሉኝ። ክፍለ ከተማ ሄድኩ፣ ባለሙያው ስብሰባ ላይ ነው። በሌላ ቀን ሄድኩ፣ ፊልድ ወጥቷል። በሦስተኛው አገኘሁትና ፋይሉን ከፈተልኝ። ውስጡ ሦስት የክትትል ቅጽ አለ። ሦስቱም «በጸደቀው ፕላን መሠረት እየተሠራ ነው» ይላሉ። ሦስቱም በአንድ እስክሪብቶ የተጻፉ ይመስላሉ። የመጨረሻው ቅጽ ቀን ደግሞ ያ ሶሌታ ከተሞላ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው! እላዩ ላይ ትርፍ ፎቅ ቆሞ፣ ካሳፎርማው (ኮንክሪቱን የያዘው ቅርጽ) ገና ሳይፈታ፣ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ጂ+2 ነው ብሎ ፈርሟል።

ባለሙያውን ቅጹን ሳሳየው ቀና ብሎ አየኝና «እኔ ያኔ እዚህ አልነበርኩም» አለኝ። በቃ።

እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ። ወዴት ልሂድ?

ሻይ_ቡና

ወይ አላየም፣ ወይ አይቶ በልቷል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እየተባልን አይደል ያደግነው።

ጂ_ፕላስ_አንድ

ወንድሜ፣ አንተ የምታወራው ስላጠፋ ሰው ነው። እኔ ምንም ሳላጠፋ የከፈልኩትን ላጫውትህ።

ካርታዬ ንጹሕ ነው፣ ግብሬን ከፍያለሁ፣ የምሠራው ጂ+1 ነው። ፕላኑ ሦስት ጊዜ ተመለሰብኝ። አንዴ የመጸዳጃው መስኮት፣ አንዴ የሴፕቲክ ታንኩ ርቀት፣ አንዴ ደግሞ ምንም ሳይጻፍበት ዝም ብሎ ተመለሰ። ግድግዳው ላይ የዜጎች ቻርተር የሚባል ትልቅ ሰሌዳ አለ፣ አገልግሎቱ በስንት ቀን እንደሚያልቅ ይነግርሃል። እሱን እያነበብኩ አራት ወር ተቀመጥኩ። በቃሌ ነው የማውቀው።

በር ላይ የሚውል ጉዳይ ገዳይ አለ። «ስንት ጊዜ ተመለሰብህ?» አለኝ፣ ልክ እንደ ሐኪም። «ሦስቴ» ስለው ራሱን ነቀነቀ። ገንዘቡን ሰጠሁት። በአምስተኛው ቀን ፈቃዱ ወጣ። ፕላኑ ያው ነው፣ አንዲት መስመር አልተነካችም።

እና ምን ገዛሁ? የተከለከለ ነገር አልገዛሁም። መብቴን ነው መልሰው የሸጡልኝ። ያንተ ጎረቤት ሁለት ፎቅ ገዛበት፣ እኔ የራሴን አራት ወር። ዋጋው ብዙም የሚራራቅ አይመስለኝም፣ ነገሩ የሚያስቀው እሱ ነው።

ሰናይት_ከላይኛው_ሰፈር

እኔን አያስቀኝም።

የእናቴ ኩሽና በቆርቆሮ የተሠራች ናት፣ ሁለት በሁለት። ምሰሶዋ ስለበሰበሰ አጎቴ መጥቶ አዲስ እንጨት ተከለላትና ቆርቆሮውን መለሰው። ሐሙስ ተሠራች። ቅዳሜ ጠዋት ደንብ አስከባሪዎች መጡ፣ «ያለ ፈቃድ የተሠራ» ብለው አፈረሷት። እናቴ ድስቷን እንኳ እንድታወጣ አልጠበቋትም፣ ሽሮው እሳት ላይ ነበር። ከዚያው ቤት ፊት ለፊት፣ ሃያ እርምጃ እንኳ በማይሞላ ቦታ፣ ከፈቃዱ በላይ የወጣ ሕንፃ ቆሟል፣ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ቆርቆሮ ሲሆን ዓይናቸው እንዴት እንደሚሠራ!

ሻይ_ቡና

@ሰናይት_ከላይኛው_ሰፈር እናትሽ ለነሱ መኪና መላክ አትችልም እኮ።

ጡረተኛው_ተቆጣጣሪ

ሻይ ቡና ሳታውቀው ዋናውን ነገር ተናግረሃል። መኪናው ነው።

የየትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ በአንድ ክፍለ ከተማ የግንባታ ክትትል ላይ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። በመቶ የሚቆጠር ሳይት ይዘን አራት ነበርን። ለአራታችን አንድ ፒክአፕ፣ እሷም ነዳጇ ከወሩ አጋማሽ አያልፍም፣ ኃላፊው ስብሰባ ካለው ደግሞ ከነጭራሹ የለችም። ሳይት መሄድ ግን ግዴታ ነው። ታዲያ በምን ትሄዳለህ? ባለንብረቱ መኪና ይልካል። ልትቆጣጠረው በምትሄደው ሰው መኪና፣ ከፊት ወንበር ተቀምጠህ። ሳይቱ ላይ የምትደርሰው ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ነው። «ኢንጂነር፣ መጀመሪያ ቁርጥ ነገር እንቅመስ» ይባላል። እኔ የበላሁት የመጀመሪያው ጉቦ ክትፎ ነበር። ከዚያ ከሰውዬው ጋር እጅህን ታጥበህ፣ አመስግነህ፣ ሳይት ስትደርስ ኮለኑ (የኮንክሪት ምሰሶው) ከመስመር የወጣ ሆኖ ታገኘዋለህ። «አፍርሰው» ልትለው ነው? «በሚቀጥለው አስተካክል» ትለዋለህ። ፖስታው የሚመጣው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ አይከብድህም።

ስለ ሦስቱ ቅጽ። ቅጽ ቢሮ ውስጥ ይሞላል። ኦዲት ሊመጣ ነው ሲባል ፋይሎች ይወጣሉ፣ የጎደለው ቅጽ ይቆጠራል፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይሞላል። አንድ እስክሪብቶ ያልከው ለዚያ ነው። ኦዲተሩም የሚፈልገው ቅጹ መኖሩን ነው፣ ሕንፃውን ሄዶ ፎቅ አይቆጥርም። ስምንት ዓመት ሙሉ ከኦዲት አንድ ሰው ሳይት ላይ ቆሞ አላየሁም። ሌባውን ሁሉም ይረግማል፣ የዚያን ኦዲተር ስም ግን ማንም አያነሳውም።

አንድ ጊዜ የማቆሚያ ትዕዛዝ ጽፌአለሁ። ቅዳሜ ነበር፣ ያለ ፈቃድ ሲሞሉ ደረስኩባቸው። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሳልገባ ስልኬ ጮኸ። ደዋዩ አልጮኸብኝም፣ እንዲያውም በጣም ጨዋ ነበር። «ወንድሜ፣ ያንተ ቤት ኪራይ ነው አይደል?» ብቻ አለኝ። ሥራውን የተውኩት ከዚያ በኋላ ነው። ጀግና ነኝ እያልኩ አይደለም፣ ትዕዛዙንም አነሳሁት።

ላንተ ግድግዳ ግን አንድ ቀላል ነገር ላሳይህ። ስንጥቁን አጋድሞ እንደ ፕላስተር ጄሶ ለጥፍበት። የመዳፍህን ስፋት ይሁን፣ ቀጭን ይሁን፣ ቀኑን ጻፍበት፣ ፎቶ አንሳው። ስንጥቁ ከቆመ ጄሶው ደህና ይቆያል። ከተንቀሳቀሰ ጄሶው ይሰነጠቃል። ያኔ ማንም «የድሮ ስንጥቅ ነው» ሊልህ አይችልም።

ግድግዳ_ተጋሪ

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እውነቱን ስለነገሩኝም። ጄሶውን ዛሬ እገዛለሁ።

ሳይት_ላይ_ነኝ

ጋሽ ጡረተኛው የቢሮውን ተናገሩ፣ እኔ የሳይቱን ልጨምር። ሦስት ዓመቴ ነው በሥራው።

ሰዉ ጉቦ ሲል ከንቲባ ቢሮ አካባቢ ያለ ነገር ይመስለዋል። ለኔ ስታፋ ነው፣ የኮለኑን ብረቶች ዙሪያውን የሚያስረው ቀለበት። ተቆጣጣሪ ደረጃ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው ኮለን ላይ ስታፋው በየ15 ሳንቲም ታስሯል። ጀርባ ያሉት ላይ በየ30። ለላብራቶሪ የሚሄደው ኪዩብ (የኮንክሪት ናሙና) ደግሞ ለብቻው ነው የሚሞላው፣ ሲሚንቶ በርከት ተደርጎ፣ እንደ ሙሽራ ገንፎ። በ28 ቀኑ ሲፈተን የታዘዘው የጥንካሬ ደረጃ ሲ-25 ቀርቶ ከዚያም በላይ ያመጣል። ኮለኑ የተሞላበትን ግን ማንም አልፈተነውም።

ማኅተሙም አለ። ፕላኑ ላይ የተፈረመው የስትራክቸር መሐንዲስ ሳይቱን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ማኅተሙን ያከራያል። እኔ አንዱን በአካል ያገኘሁት ሠርግ ላይ ነው፣ «ያንተ ሕንፃ እኮ ስምንተኛ ወሩን ያዘ» ስለው «የቱ?» አለኝ።

ያንተ ጎረቤት ላይ የሚያስፈራው ይህ ነው፦ ፉቲንጉ (የኮለኑ መሠረት) የተቆፈረው ለጂ+2 ከሆነ ላዩ ላይ ሁለት ፎቅ ስትጭን አፈሩ ይሰጣል። በአንድ ቀን አይደለም፣ ቀስ እያለ። ጎን ያለውን ቀላል የብሎኬት ቤት ይዞ ነው የሚወርደው። ምናልባት ፉቲንጉን ከመጀመሪያውም ለጂ+4 ሠርተውት ይሆናል፣ ብዙ ሰው ተደብቆ እንደሱ ያደርጋል፣ ያኔ ትንሽ እፎይ ትላለህ። ማንም ስላላየው ግን ማወቅ አይቻልም።

የሕግ_ነገር

ስለ ሕጉ አጠር አድርጌ።

ሕንፃው ሲጀመር ሥራ ላይ የነበረው የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ ነው፣ ቁጥር 624። ሕንፃዎችን ሀ፣ ለ፣ ሐ ብሎ ይመድባል። ከፍታው ከ12 ሜትር በላይ የሆነ ማንኛውም ሕንፃ ምድብ ሐ ነው፣ ቁጥጥሩም የመጠቀሚያ ፈቃዱም ጠበቅ የሚለው እዚያ ነው። ጂ+2 መኖሪያ ብለህ ካስገባህ ምድብ ለ ላይ ትቀራለህ። ስለዚህ ጎረቤትህ ሁለት ፎቅ ብቻ አልጨመረም፣ ከምድብ ወደ ምድብ ተሻግሯል። ደብዳቤህ ላይ ይህን ጻፍ። «ከፍ አለብኝ» ካልክ እንደ ምቀኛ ጎረቤት ያዩሃል። «የምድብ ሐ ሕንፃ በምድብ ለ ፈቃድ ቆሟል» ስትል ግን መልስ መስጠት ይከብዳቸዋል።

ሙስናውን በተመለከተ አዋጅ 881/2007 አለ፣ ሰጪም ተቀባይም ይጠየቃል። (@ጂ_ፕላስ_አንድ፣ በይፋ ከመጻፍህ በፊት ብታስብበት ጥሩ ነበር።) ጠቋሚና ምስክርን የሚጠብቅ አዋጅም አለ፣ 699/2003። የሀብት ማስመዝገቢያው 668/2002 ነው። ሕግ አጥተን አይደለም።

ለራስህ ንብረት ደግሞ ፍርድ ቤት «ሁከት ይወገድልኝ» ማለት ትችላለህ፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149። ማመልከቻህን በሁለት ኮፒ አድርግ፣ አንዱ ላይ የገቢ ማኅተምና የመዝገብ ቁጥር ሳታስመታ ከቢሮው እንዳትወጣ።

ጂ_ፕላስ_አንድ

@የሕግ_ነገር አስቤበታለሁ ወዳጄ። ተቀባዩ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ እኔ ሰጪው ልፍራ?

ኦክላንድ_ያለሁ

እዚህ ቤይ ኤሪያ 19 ዓመቴ ነው፣ ኮንትራክተር ጋር እሠራለሁ። ፈረንጅ አይሰርቅም ለምትሉ አንድ ታሪክ።

ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሮድሪጎ ሳንቶስ የሚባል የታወቀ መሐንዲስ ነበር። በአንድ ወቅት የከተማው የሕንፃ ቁጥጥር ኮሚሽን ፕሬዚዳንት ሁሉ ሆኗል። ደንበኞቹ ለሕንፃ ቁጥጥሩ መሥሪያ ቤት የሚከፍሉትን ቼክ «ዲቢአይ» ብለው ይጽፉለታል፣ የመሥሪያ ቤቱ አጭር ስም ነው። ሰውዬው ከፊትና ከኋላ ፊደል ጨምሮ «ሮዲቢአይጎ ሳንቶስ» አደረገውና ወደ ራሱ ሂሳብ አስገባው! ስሙ መሃል ላይ መሥሪያ ቤቱን አስቀመጠው እኮ። በርናርድ ከራን ከሚባል ከፍተኛ ኢንስፔክተር ጋር ደግሞ ሌላ ነገር ነበራቸው፦ የሳንቶስ ደንበኞች ኢንስፔክተሩ ለሚደግፈው የስፖርት በጎ አድራጎት ቼክ ይጽፋሉ፣ እሱ ደግሞ በፍተሻ ይተባበራቸዋል። ለስፖርት ነው፣ ማን ክፉ ይናገራል? እንደ ጋሽ ጡረተኛው ክትፎ ማለት ነው። በፈረንጆቹ 2023 ሁለቱም ተፈረደባቸው፣ ሳንቶስ 30 ወር፣ ከራን አንድ ዓመት ከአንድ ቀን።

ግን የሚያስቀናኝ ሌላ ነው። እዚህ የማንንም ቤት አድራሻ መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ጽፈህ ፈቃዱን፣ መቼ እንደተፈተሸ፣ ምን አቤቱታ እንደቀረበበት ታያለህ። ጎረቤትህን ሳትለምን፣ ስብሰባ ላይ ያለ ሰው ሳትጠብቅ። ከራን የፈረማቸው ሥራዎችም በኋላ ተመልሰው የተፈተሹት መዝገቡ ስላለ ነው።

ሰናይት_ከላይኛው_ሰፈር

እኛ ጋ ሰሌዳውም ጠፋ።

አወያይ

የሰውና የቢሮ ስም የያዙ ሁለት አስተያየቶች ተነስተዋል። እባካችሁ ስም አትጥሩ። ክሩ እንዳይዘጋ ነው።

ታዛቢ_77

አቦ ተውት ይሄን ወሬ። መስከረም 21 ቀን 2018 አረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የግንባታ መወጣጫው ተደርምሶ ከ30 በላይ ምዕመን አለቀ። ተቆጣጣሪ የት ነበር? ሁሉም ሌባ ነው፣ ጨርሰናል።

ጡረተኛው_ተቆጣጣሪ

ልጄ፣ ያንን ከዚህ ጋር አትደባልቀው። እዚያ ጉቦ ነበረ የሚል ነገር አልሰማሁም፣ የሞቱት ለበዓል የሄዱ ሰዎች ናቸው፣ ነፍስ ይማር። የአንዱን ጥፋት ለሌላው አንለጥፍ። «ማን ፈተሸው» የሚለው ጥያቄህ ግን ትክክል ነው። የሕግ ነገር የጠቀሰው የሕንፃ አዋጅ ራሱ 10,000ና ከዚያ በላይ ሕዝብ ላላቸው ከተሞች ነው የወጣው። በትናንሽ ከተሞች የሕንፃ ሹም ተብሎ የተመደበው ሰው ውኃውንም መሬቱንም ደርቦ ሲይዝ አይቻለሁ። «ሁሉም ሌባ ነው» ካልክ ደግሞ የእውነት የሰረቀው በጣም ደስ ይለዋል፣ መሃላችሁ ይደበቃል።

ታዛቢ_77

እሺ ጋሼ። ተናድጄ ነው።

ሻይ_ቡና

የክሩ ባለቤት የት ገባ? ግድግዳ ተጋሪ፣ ምን ደረስክ?

ግድግዳ_ተጋሪ

አለሁ። ላለፉት ቀናት ስሮጥ ነበር።

የሕግ ነገር እንዳልከው ጻፍኩ። አንድ ገጽ፣ «የምድብ ሐ ሕንፃ በምድብ ለ ፈቃድ» የሚለውን ከላይ አድርጌ። ማክሰኞ ጠዋት አስገባሁ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ማኅተሙ ሌላ ክፍል ነው አለችኝ፣ ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ማኅተሙ ከመሳቢያዋ ወጣ። ቁጥር አለኝ፣ ኮፒ አለኝ። ስልክ ቁጥሬን ጠየቀችኝ፣ «ውጤቱ ሲደርስ እንድንደውልልህ» ብላ። ሰጠኋት።

ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስልክ ተደወለ። ጎረቤቴ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ስልኬ አልነበረውም። ሰላምታ ሰጠኝ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው አለኝ፣ ከዚያ «ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ትንሽ አጋነንክ» አለኝ። ሁለተኛውን አንቀጽ አነበበልኝ። የኔን አጻጻፍ፣ ከነ ስህተቱ፣ «ስንጥቅ» ለማለት «ስጥንቅ» ብዬ የጻፍኩትን ሳይቀር። ከዚያ ግድግዳህን በራሴ ወጪ አስለስንልሃለሁ፣ ቀለሙንም አንተ ምረጥ አለኝ።

ባለቤቴ እሺ በለው ትላለች። አልፈርድባትም፣ እዚያ ክፍል ውስጥ የምትተኛው እሷ ናት።

የሕግ_ነገር

እንዳትለስን! ልስኑ ማስረጃህን ነው የሚሸፍነው። ደብዳቤውን ያስገባህበትን ሰዓትና እሱ የደወለበትን ሰዓት ጻፍ፣ የስልክህን መዝገብ ፎቶ አንሳ። ያ ራሱ ሌላ አቤቱታ ነው።

ጡረተኛው_ተቆጣጣሪ

ጄሶውስ? ለጠፍከው?

ግድግዳ_ተጋሪ

ለጥፌው ነበር ጋሼ፣ በነገሩኝ ማግስት። አንዱን ከመስኮቱ ሥር፣ አንዱን ከላይ፣ ቀኑን በእስክሪብቶ ጽፌ።

የታችኛው ደህና ነው። የላይኛው ዛሬ ጠዋት ለሁለት ተከፍሏል። ቀኑ መሃል ለመሃል።